ቀይ የቀባሁት ፓምፕ

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 29

ይህ ደብተር የእኔ ነው፤ የእኔ የሚአስ። ሚአስ ማለት ወርቅ ነው፤ አባቴ ስም ሲያወጣ አልተሳሳተም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የማታ ትምህርት ለጨረስነው አሥራ አንድ ሰዎች ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠን። ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ከወንዶቹ አንደኛ ወጣሁ። ሌላኛው ወንድ በወባ ታሞ ግማሹን ጊዜ አልመጣም፤ እሱ ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

መምህርታችን ራክስሜይ ዕድሜዋ የልጄ ነው። «አጎቴ ሚአስ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፍ። ያልጻፈ እጅ ይረሳል» አለችኝ። «ይሄ እጅ አርባ ዓመት መረብ ሲወረውር አንድ ቀን አልረሳም» አልኳት። ሳቀች። ሰው ማሳቅ አያቅተኝም።

የእኛ ፊደል እግር አለው። አንዱ ፊደል ከሌላው ሥር ሲገባ «እግር» ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን እግሮቹ ሁሉ ጥለውኝ የሚሮጡ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደ ዳክዬ አንድ በአንድ ይዤ አስሬያቸዋለሁ።

ፓስተር ቩቲ ከጸሎት በኋላ ትልቁን ወሬ ነገረን። የቤተ ክርስቲያናችን የበጎ አድራጎት ማኅበር ከከተማ መጥቶ ለመንደራችን ጉድጓድ ሊቆፍር ነው፤ ለእኛም፣ ገዳም ለሚሄዱት የቡድሃ ሰዎችም። «ውሃ ሃይማኖት አይጠይቅም» አለ ፓስተር። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ። ጸሐፊና ቁልፍ ያዥ ማን ይሁን ሲባል ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንበብ የሚችሉት ወጣቶች ከተማ ልብስ መስፊያ ገብተዋል፤ የመንደሩን ሹም መነጽር ደግሞ ጎሽ ረግጦታል። ስለዚህ እኔ ሆንኩ።

ጎረቤቴ ሃንግ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ዓሣ ያጠመደ ነው፤ አፉ ግን ከመንጠቆ ይብሳል። «ጸሐፊ? ይሄ ሰውዬ ትናንት ስሙን ጽፎ ዛሬ ሲያነበው የሌላ ሰው መሰለው!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ምቀኝነት መድኃኒት የለውም።

አንድ ነገር ልጻፍ። ልጄ ሲናት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛው በአምስት ወሩ ወርዶባታል። ባሏ ከተማ ግንበኛ ስለሆነ እኛ ጋ ናት። ከክረምት ካጠራቀምነው የዝናብ ውሃ አንድ ጋን ተኩል ቀርቷል። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ጉድጓድ ውሃው ቀይ ነው፤ ብረት ብረት ይላል፤ ሻይ ሲፈላበት እንደ ቀለም ይጠቁራል። ሲናት አንድ ጉንጭ ስትቀምሰው ያስመልሳታል። አዲሱ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለሷ ነው። ሌላው ሰው እግረ መንገዱን ይጠጣል።

ረቡዕ፣ ማርች 3

ቁፋሮ ተጀመረ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከኩይሳው አጠገብ። ምስጥ ውሃ ከሌለበት አይሰፍርም። ሃንግ «እንግዲያው ምስጡን ኮሚቴ አስገቡት» አለ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። እስክሪብቶውም ጭቃ ሆነ።

ዓርብ፣ ማርች 5

ወጣ! በሠላሳ ሁለት ሜትር! መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀጥሎ ነጥቶ፣ ከዚያ እንደ መስታወት ጠራ። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ሳአት! ሳአት!» አሉ። በእኛ ቋንቋ ሳአት ቆንጆም ንጹህም ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ቆንጆ ልጅ ሳአት ናት፣ የታጠበ ሸሚዝም ሳአት ነው። ውሃው ሁለቱንም ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከማኅበሩ የመጣው ቴክኒሻን ሪቲ ውሃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ ያዘ። «ወረቀቱ እስኪመጣ ማንም አይጠጣም» ብሎ ፓምፑን በሰንሰለት አሰረና ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያ ስለ ቀለም ስለ ምን ረጅም ንግግር ጀመረ። ልጁ ሲናገር እጁን እንደ ዳንሰኛ ያወዛውዛል። ከኋላው ቆሜ እጄን እንደሱ አወዛወዝኩ። ሰው በሳቅ ተንከተከተ፤ ጎረቤታችን አክስት ሶን ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ተቀመጠች። ሪቲም ዞር ሲል አይቶኝ ሳቀ፤ ንግግሩን አሳጥሮ ሞተር ሳይክሉ ላይ ወጣ። ቀኑ እንዲህ አማረ።

እሁድ፣ ማርች 7

የፓምፑ ሲሚንቶ ሳይደርቅ በምስማር ጽሑፍ እንድጽፍበት ታዘዝኩ። «ንጹህ ውሃ ለፕሬክ አምፒል ሕዝብ።» በትልቁ ጻፍኩት፤ የመንደራችን ስም ከሩቅ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ራክስሜይ መጥታ ቆማ አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች።

«አጎቴ ሚአስ፣ ይሄ ንጹህ ጀልባ ነው የሚለው።»

በእኛ ቋንቋ ውሃ ትክ ነው፣ ጀልባ ቱክ። የውሃው ምልክት ከፊደሉ ራስ ላይ ይቀመጣል፣ የጀልባው ከሥር ይንጠለጠላል። እኔ ከሥር አንጠልጥዬዋለሁ። ሲሚንቶው ደግሞ ደርቋል።

«አውቄ ነው» አልኳቸው ለተሰበሰቡት። «ክረምት ውሃው ሲሞላ በምን ልትሻገሩ ነው?» ሃንግ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሲናትም ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። ከወር በኋላ ስትስቅ ማየቴ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ስህተት አይደለም።

ማክሰኞ፣ ማርች 16

ወረቀት የለም። ጋኑ እየጎደለ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለት ሴቶች ባልዲ ይዘው መጡ። «ሚአስ፣ ክፈትልን! ውሃው ሲያምር አታይም?» ይሉኛል። አክስት ሶን «ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ እንደ ባለሥልጣን ሚስት ይጎማለላል» ስትል ሰማሁ። ግን አልከፈትኩም። እኔ ቃሌን የምበላ ሰው አይደለሁም። ሲናት እግሯ አብጧል። ባለቤቴ ፋላ «ይሄ ወረቀት በኤሊ ነው የሚመጣው?» ትላለች።

ቅዳሜ፣ ማርች 20

ወረቀቱ መጣ!! ከገበያ የሚመለስ የሞተር ሳይክል ታክሲ አመጣልኝ። ፓስተር ቩቲ ለስብሰባ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ራክስሜይም እናቷን ልታስታምም ሄዳለች። አብረውኝ የተማሩት ሴቶች «ጸሐፊው አንተ ነህ» ስላሉ አንባቢው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ከብቦኝ ቆመ፤ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

አንደኛው መስመር፦ «የውሃው መልክ፦ ሳአት።»

እልልታው ቀለጠ። ምን ይጠበቃል? ሳአት አለ እኮ! ቀሪውን እየተገፋሁ ለራሴ አነበብኩ። አንድ ሌላ መስመር ላይ «አርሴኒክ 180» ይላል። በፊደል መማሪያችን ያልነበረ ቃል ስለሆነ ፊደል በፊደል ቆጥሬ አወጣሁት። የመርማሪው ስም ነው። ፈረንሳዊ መሆን አለበት፤ የነሱ ስም እንዲህ ያልቃል። 180 ቁመቱ ነው። ፈረንጆች ረጃጅም ናቸው። ለምን ቁመቱን እንደጻፈ አላውቅም፤ ጉራ ይሆናል። እኔም ብሆን እጽፈው ነበር።

የመጨረሻው መስመር፦ «ፓምፑ፦ ቀይ ይቀባ።»

«ሙሴ አርሴኒክ አጽድቆታል!» ብዬ ጮህኩ። ሰንሰለቱን ፈታሁ። መጀመሪያ የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ ሲናት። አላስመለሳትም። አንድ ሙሉ ጣሳ ጨረሰች። ሌላ አምጣ አለችኝ። ይህን ቀን አልረሳም።

እሁድ፣ ማርች 21

ቀለሙን ከቻይናዊው ሱቅ ወሰድኩ። የሱቁ ባለቤት «ቀይ ጥሩ ነው፣ ዕድል ያመጣል» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ከመንገዱ ማዶ እንደ ሙሽራ ይታያል። ሰው ለማየት ብቻ ይመጣል። ልጆች ሥሩ ይታጠባሉ፤ ሴቶቹ ሩዝ ያጥባሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቀዳሉ። ሃንግ እንኳ «ለሚአስ ሥራ መጥፎ አይደለም» አለ። ከሃንግ አፍ ይህ ዘፈን ነው።

ሰኞ፣ ማርች 29

ዛሬ አንዲት የዓሣ ድልህ ሻጭ ከታችኛው ወረዳ በጀልባ መጣች። በጣም ሞቋት ስለነበር ጣሳ ሞልቼ ሰጠኋት። ልትጠጣ ስትል ፓምፑን አየችው። ጣሳውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምነው እትዬ? መርዝ አለው እንዴ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እኛ ጋ ቀይ ፓምፕ ውሃው እግር መታጠቢያ ነው» አለችኝ። «ሩዝም አናበስልበትም።»

«የእናንተ ወረዳ ቀይ ይፈራል። የእኛው ደፋር ነው!» አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ድልሁን ሳትሸጥ ጀልባዋን ገፍታ ሄደች።

የታችኛው ወረዳ ሰዎች ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው። ጥንቆላ ይወዳሉ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 2

ሙቀት። ሥራ በዝቷል። ሁሉ ደህና ነው።

ጋኑ ሥር ጥቂት የዝናብ ውሃ ቀርቶ ነበር። ለሲናት እሱን እየቀዳሁ ነው የምሰጣት። ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ፋላ ጠየቀችኝ። «ለሷ ብቻ ከጋኑ የምትቀዳው ለምንድን ነው?»

«ስለሚቀዘቅዝ።»

«የፓምፑ ውሃ ደግሞ ከመሬት ሆድ ነው የሚወጣው፤ ከሱ የሚቀዘቅዝ አለ?»

  ወረቀቱን ከጣሪያው ሣር ውስጥ አውጥቼ ደግሜ አየሁት። ሳአት ይላል። ከላይ ሳአት ይላል። ሪቲ ስለ ቀለም ምን ነበር ያለው? ሰው ሁሉ ሲስቅ ስለነበር ማንም አልሰማም። እኔም አልሰማሁም። እኔ እጄን እያወዛወዝኩ ነበር።

የአክስት ሶን ሦስት የልጅ ልጆች ጠዋት ፓምፑ ሥር አፋቸውን ከፍተው ሲጠጡ አየሁ። «አጎቴ፣ ዛሬ ምን ቀልድ አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ሥራ አለኝ አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 8

የጋኑ ውሃ አልቋል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 12

ራክስሜይ ለኤፕሪሉ አዲስ ዓመታችን ተመለሰች። እንደምንም ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ሙዝ ይዤ ሄድኩ፤ ባዶ እጅ ነውር ነው።

«መምህርት ልጄ፣ አንድ ጓደኛዬ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው። አርሴኒክ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

«ሰው?» አለችኝ።

«ፈረንሳዊ ሳይሆን አይቀርም። ቁመቱ 180።»

ፊቷ ተለወጠ። «አጎቴ ሚአስ፣ ወረቀቱን ስጠኝ።»

ከወገቤ አውጥቼ ሰጠኋት። እንደኔ ከላይ ጀምራ አልቆመችም፤ እስከ ታች አነበበች። ሰው አይደለም። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ መርዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ከአሥር በላይ ከሆነ አይጠጣም። 180 የሱ ልክ ነው። ቀይ ማለት አትጠጡ ማለት ነው፤ አረንጓዴ ነው ጠጡ ማለት።

«ሳአት ይላል እኮ» አልኳት። 

«መልኩ ነው ሳአት» አለችኝ። «መልኩ ብቻ።»

አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ስንት ዘመን ኖረ፣ እስከ ዛሬ ማንንም አልጎዳም ነበር። ለኔ ሲደርስ ጎዳ።

ሙዙን መልሳ ሰጠችኝ፤ እዚያው ጥዬው ወጣሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ሄጄ ፓምፑን ቆለፍኩት። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ ቤት ሁሉ ይታጠባል፣ ሰው ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። «ሚአስ አበደ?» ሲሉ እሰማለሁ። ለማንም አልመለስኩም። ጌታ ሆይ፣ ነገ አፌን አንተ ክፈትልኝ፤ ለቀልድ ብቻውን ይከፈታል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 13፣ አዲስ ዓመት

ጠዋት ሰው ሁሉ በአዲስ ልብሱ ባልዲ ይዞ መጣ። ፓስተር ቩቲም ትናንት ማታ ስለተመለሰ መጣ። ኩይሳው ላይ ወጣሁ። ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ቀልድ እየጠበቀ ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። ዘገምተኛ አንባቢ ነኝ። ሳነብ ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

ከዚያ የራሴን ጨመርኩ። «ሪቲ ስለ ቀለሙ ሲነግራችሁ ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ። አርሴኒክን ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ። የዓሣ ድልህ ሻጯ ስትነግረኝ የሳቅኩባት እኔ ነኝ።» እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሲናት ከፊት ቆማ ነበር። «ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ለልጄ ከጋኑ እየቀዳሁ፣ እናንተን ከዚህ ስትጠጡ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።  አክስት ሶን ባልዲዋን እግሬ ሥር ወረወረችው። «የኔ ልጆች የሰው ልጆች አይደሉም?» አለችኝ። ሃንግ ሲቀልድ ለማየት ወደሱ ዞርኩ። ሃንግ መሬት መሬት ያያል። ያ ከሁሉ ባሰኝ።

ፓስተር ቩቲ ትከሻዬን ያዘኝ። «ወንድም ሚአስ፣ እስከ ታች አነበብክ» አለ። ሌላ ስብከት አልጨመረም። የቁልፉን ክር ከአንገቴ አውልቄ ለሃንግ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

ቤት ስገባ ሲናት እንዲህ አለችኝ፦ «ብሞት ይሻለኝ ነበር አባ፣ የሶን ልጆች መርዝ እየጠጡ እኔ ዝናብ ከምጠጣ።» ከዚያ በኋላ ዝም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 20

ሪቲ መጣ። ዛሬ ሲናገር ማንም እጁን አላወዛወዘም፣ ጆሯችን ሁሉ እሱ ጋ ነበር። አርሴኒክ በዓመታት እንጂ በሦስት ሳምንት አይገድልም አለ፤ ልጆቹም፣ ሲናትም፣ የምትጠብቀው ልጅም በዚህ አይጎዱም፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጣሳም አይጠጣ። አራት ጊዜ አስደገምኩት። ሶን አምስተኛ ጊዜ አስደገመችው።

የቀዩ ፓምፕ ውሃ ለልብስና ለእንስሳ ማጠቢያ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ያ አስቀያሚ ቀይ ውሃ ግን ተመርምሯል፤ ብረት እንጂ መርዝ የለውም። ሪቲ በሁለት በርሜል አሸዋና ጠጠር ደርድሮ አሳየን። ከላይ ቀይ ይገባል፣ ከታች ጥርት ብሎ ይወርዳል። ለሻይ ሞከርነው፤ አልጠቆረም። አሸዋውን ከወንዝ የሚያመላልሰው፣ በየሳምንቱ የሚያጥበው ማነው ሲባል እጄን አወጣሁ። ሃንግ «በርሜሉ ላይ እንዳይጽፍበት እንጂ!» አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ በኔ ላይ ስለሆነ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 26

አሸዋ ከዓሣ ይከብዳል። ጀርባዬ! ግን መንደሩ ውስጥ እንደኔ አሸዋ የሚያጥብ የለም፤ ቅንጣቱን አንድ በአንድ ነው የማውቀው። አክስት ሶን ዛሬ ባልዲዋን ይዛ መጥታ ውሃውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ንጹህ ነው ወይስ ቆንጆ?» አለችኝ። «መጀመሪያ ንጹህ ነው፣ እትዬ። ቁንጅናውን ደሞ አንቺ ፍረጂ» አልኳት። ቀዳች።

ሲናት ከዚህ ውሃ ትጠጣለች። አላስመለሳትም። አታናግረኝም።

እሁድ፣ ሜይ 9

ምሳ በልተን ሙቀቱ ሲበረታ ሲናት መጣች፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ካርድ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«አንብብልኝ፣ አባ።»

ሳታናግረኝ ሃያ ስድስት ቀን ቆጥሬያለሁ። መነሳት ፈለግሁ፣ መጮህ ፈለግሁ፣ ግን ካርዱን ብቻ ያዝኩ። ስሟን አነበብኩላት። የባሏን ስም። ክብደቷን። የሚቀጥለውን ቀጠሮ። ከታች በእጅ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር። ፊደሎቹን አወቅኳቸው፤ እግሮቹንም ያዝኳቸው። ቃሉን ግን አላወቅኩትም።

«ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

ፋላ ከማጀት ብቅ አለች። «ምን አልክ? ድገመው እስቲ።»

«አላውቅም አልኩ።»

«ሰላሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ይህን ቃል ከዚህ አፍ ሰምቼ አላውቅም» አለችና እንደገና ወደ ማጀት ገባች። ትስቅ ነበር መሰለኝ፤ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል።

ሲናት አልሳቀችም። ፊቴን ታጠናለች። ኮፍያዬን አደረግሁና ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው በዚያ ፀሐይ አርባ ደቂቃ ነው። ላቤ መንገዱን አጠጣው። አዋላጇ ምሳ ላይ ነበረች፤ ጠበቅኳት። ካርዱን አይታ «የልጁ ራስ ወደ ታች ዞሯል ማለት ነው። እንደሚገባው ነው» አለችኝ። አስደገምኳት። ቃሉን ራሱን ፊደል በፊደል አስነበብኳት፣ እኔም ከሷ በኋላ አነበብኩት። አንድ ሌላ መስመር ደግሞ ጠቆምኳት፣ ያወቅኩት የመሰለኝን፣ ምናልባት ብዬ። «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ቀኑ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ይሳቅ።

ስመለስ ሲናት በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ሰላም እንኳ ሳልል ነገርኳት፦ «ራሱ ወደ ታች ዞሯል። እንደሚገባው ነው።»

«አንተ ነህ እንዲህ ያልከው ወይስ ተጽፎ ነው?»

«ተጽፎ ነው። ያላወቅኩትን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ካርዱን ተቀብላ አየችው። ከዚያ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ከጎኗ በኩል፣ ከወደ ላይ፣ እግሩ የሚመታበት ቦታ ላይ።

«እንግዲያው ይሄ እግሩ ነው» አለችኝ።

እግሩ ነው። በደንብ መታኝ።